ከውጊያ የተረፈ አውሮፕላን

ዲሴምበር 31 ቀን 1940 ከሰሜን ስኮትላንድ ጠረፍ፣ ሎሲማውዝ ከሚባለው የጦር አየር ማረፊያ አንድ ባለሁለት ሞተር ዌሊንግተን ቦምብ ጣይ ስምንት ሰዎች አሳፍሮ ተነሣ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዕለቱ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1933 ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቅሉ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቷቸዋል።) የዕለቱ ተግባር ጀርመንን መደብደብ አልነበረም። ተማሪዎች ካርታ፣ ኮምፓስና ሰዓት ይዘው በክረምት ሰማይ መንገድ ማግኘትን የሚለማመዱበት የሥልጠና በረራ ነበር።

አውሮፕላኑ ሞናሊያ ከሚባሉት ተራሮች በላይ፣ 8,000 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ ሳለ የበረዶ ውሽንፍር ገጠመውና የቀኙ ሞተር ቆመ። ከፍታው እየቀነሰ ሄደ፤ ከሥር ያለውን ተራራ ደመና ጋርዶታል። ዋናው አብራሪ ስኳድሮን ሊደር ናይጀል ማርውድ ኤልተን የቡድኑ አባላት በፓራሹት እንዲዘሉ አዘዘ። ስድስት ሰዎች ዘለሉ። አምስቱ በሕይወት መሬት ደረሱ። አንዱ፣ የኋላ መትረየስ ተኳሽ የነበረው ወጣት ሳጅን፣ ፓራሹቱ እንደሚገባ ሳይዘረጋለት ቀርቶ ሞተ።

በአውሮፕላኑ ውስጥ የቀሩት ማርውድ ኤልተንና ረዳት አብራሪው ብቻ ነበሩ። ደመናው ገለጥ ሲል ከበታቻቸው ጠባብና ረጅም ውሃ ታያቸው፤ ሎክ ነስ ሐይቅ ነበር። አውሮፕላኑን በውሃው ላይ አሳረፉት፣ ክንፉ ላይ ወጡ፣ የጎማ ጀልባዋን አውጥተው እየቀዘፉ ዳር ደረሱ። ከዚያ መንገድ ላይ የጭነት መኪና አስቁመው ወደ ኢንቨርነስ ከተማ ሄዱ። አውሮፕላኑ 70 ሜትር ያህል ጥልቀት ውስጥ ሰጠመ።

ስለዚህ አውሮፕላን ዛሬ ብዙ ይታወቃል። በ1976 የሐይቁን ዝነኛ አውሬ በሶናር ሲያስሱ የነበሩ አሜሪካውያን ከሐይቁ ወለል ላይ አገኙት። በሴፕቴምበር 1985 ከውሃው ወጣ። የጅራቱ መብራቶች ከአዲስ ባትሪ ጋር ሲገናኙ በሩ፤ ወሬው ዓለምን ዞረ። አሁን የተሠራበት ስፍራ በነበረው በብሩክላንድስ ሙዚየም ቆሟል። 11,000 ከሚበልጡት የዌሊንግተን አውሮፕላኖች ሙሉ አካላቸው የቀረው ሁለት ብቻ ስለሆኑ ጠጋኞቹ በዓመታት ልፋት ያደረጉለት እንክብካቤ ይገባዋል።

ስለ ሳጅኑ ግን የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የኋላ ተኳሹ ሞተ። እኔም በዚህ ምዕራፍ ስሙን አልጠራም። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፤ በማዕረጉ ብቻ ስጠራው በእሱ መንገድ ያለፉት ሺዎች አብረው እንዲታወሱ እፈልጋለሁ። በጦርነቱ ዘመን በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዕዝ ሥር 125,000 ያህል የበረራ ሰዎች አገልግለዋል። ከእነዚህ 55,573 ሞተዋል። ከሟቾቹ ከስምንት ሺሕ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም ከሰባቱ አንዱ፣ የሞቱት በጠላት ጥይት ሳይሆን በሥልጠናና በሌሎች አደጋዎች ነው። በአሜሪካም ነገሩ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም፤ ወደ 15,000 የሚጠጉ የጦር አየር ኃይል ሰዎች ገና ከአገራቸው ሳይወጡ በገዛ ሰማያቸው ላይ በደረሱ አደጋዎች አልቀዋል።

ተኳሽ በሌለበት ሰማይ ይህን ያህል ሰው ለምን ሞተ? መልሱን «ዕድል» ወይም «የአየር ጠባይ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የዚህን አንድ አውሮፕላን ታሪክ ወደ ኋላ ስንከተል ግን የምናገኘው ዕድልን ብቻ አይደለም። አንዱ ውሳኔ ሌላውን እየጎተተ መጥቶ ሳጅኑን በዚያ ቀን በዚያ ተራራ ላይ እንዳስቀመጠው እናያለን።

አውሮፕላኑ «አር» የሚል ፊደል ስለተጻፈበት በሬዲዮ ሲጠራ «አር ለሮበርት» ይባል ነበር። የተሠራው በ1939 መገባደጃ ነው። የአካሉን አሠራር የነደፉት ባርንስ ዋሊስ የተባሉ መሐንዲስ ናቸው፤ የአውሮፕላኑን አካል እንደ ሙሉ ሣጥን ከመሥራት ይልቅ ቀላል የብረት ዘንጎችን እያጠላለፉ እንደ መሶብ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት አካል አበጁለትና ላዩን በጨርቅ ሸፈኑት። ጥይት አንዱን ዘንግ ቢበጥስ ሸክሙን ሌሎቹ ይካፈሉታል። የዋሊስ አሠራር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚሁ ዘዴ የተሠራው ታላቅ ወንድሙ ዌልስሊ የሚባለው ቦምብ ጣይ በ1938 ከግብጽ ተነሥቶ ሳያርፍ አውስትራሊያ በመድረስ የዓለም የርቀት ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኢጣሊያ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ጁን 11 ቀን 1940፣ ከሱዳን የተነሡ ዌልስሊዎች ምጽዋንና አሥመራን ደበደቡ፤ በከረን ዘመቻም በሰማይ ላይ ነበሩ።

«አር ለሮበርት» ገና የአንድ ወር ዕድሜ ሳለው ዲሴምበር 18 ቀን 1939 ከሌሎች 23 ዌሊንግተኖች ጋር ወደ ጀርመን የባሕር ኃይል ሰፈር ዊልሄልምስሃፈን ተላከ። በዚያ ዘመን የአየር ኃይሉ አለቆች አንድ ጽኑ እምነት ነበራቸው፦ ቦምብ ጣዮች ተጠጋግተው ከበረሩ መትረየሶቻቸው እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ፣ የጠላት ተዋጊም አይደፍራቸውም። ሁለት አውሮፕላኖች ከመንገድ ተመለሱ። 22ቱን ጥርት ባለ የቀን ሰማይ ሥር በሄሊጎላንድ ደሴት አካባቢ የጀርመን ተዋጊዎች ጠበቋቸው። 12 አውሮፕላኖች ጠፉ። ከአንዱ ስኳድሮን ከስድስቱ አምስቱ አልተመለሱም። «አር ለሮበርት» ግን ሠራተኞቹን ይዞ አገሩ ገባ።

የዚያ ቀን ውጤት የጦርነቱን መልክ ለወጠው። በቀን መብረር እንደማያዋጣ የተረዳው ዕዝ ፊቱን ወደ ሌሊት አዞረ። ጨለማ አውሮፕላኑን ከተዋጊ ይሰውረዋል፤ ነገር ግን መሬቱንም ከአውሮፕላኑ ይሰውረዋል። ለሳጅኑ ሞት መነሻ የሆነው ጉዳይ እዚህ ላይ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። በቀን የሚበር ሰው ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ከተማ እያየ ራሱን ያርማል። በሌሊት፣ ከተሞች ሁሉ መብራታቸውን ባጠፉበት ጦርነት ውስጥ፣ የሚታይ ነገር የለም። የሚቀረው ስሌት ብቻ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሠራል። አቅጣጫ መሪው ከአብራሪው በስተኋላ በደብዛዛ መብራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኮምፓሱ ወዴት እንደሚያሳይ፣ አውሮፕላኑ አየሩን በምን ፍጥነት እየቀዘፈ እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ይመዘግባል። ከእነዚህ ሦስት ነገሮች «አሁን ያለነው እዚህ ነው» ብሎ በካርታው ላይ ነጥብ ያኖራል። ችግሩ ነፋሱ ነው። አውሮፕላኑ የሚበረው በአየር ውስጥ ነው፤ አየሩ ራሱ ደግሞ በመሬት ላይ ይጓዛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያልተቆጠረ እንደሆነ አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ካሰበው ቦታ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። አፍንጫው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ቀንቷል፣ ፍጥነቱም ልክ ነው፣ ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ግን ውሸት ነው። በካርታው ላይ ባሕር መሆን ያለበት ቦታ በእውነቱ ተራራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሙያ ምን ያህል እንዳልተካነ የታወቀው በ1941 ነው። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር የቀረበው፣ ባት ሪፖርት በመባል የሚታወቀው ጥናት ከአውሮፕላኖች የተነሡ ፎቶግራፎችን መርምሮ አስደንጋጭ ነገር አወጣ፤ ዒላማውን መታን ካሉት ቡድኖች ወደ ዒላማው አምስት ማይል ያህል እንኳ የቀረቡት ከሦስት አንድ ብቻ ነበሩ። የሠለጠኑት ሰዎች ከተማን ስተው ጫካ ሲደበድቡ ገና ተማሪ የሆነው ስኮትላንድ ላይ ተራራ ቢስት የሚያስገርም አይሆንም። ስለዚህ ልምምዱ በዛ፤ ሌሊትም፣ በክፉ የአየር ጠባይም፣ ረጅም ርቀትም። በጠራ ቀን ብቻ የተለማመደ አቅጣጫ መሪ ለሌሊቱ ጦርነት አይበቃም። ልምምዱ እንዲጠቅም አስቸጋሪ መሆን ነበረበት፤ አስቸጋሪ ከሆነ ደግሞ ይገድላል። አዛዦቹ ይህን ያውቁ ነበር።

የሰው ብዛትም ሌላ ጣጣ ነበር። ዲሴምበር 17 ቀን 1939፣ ከሄሊጎላንዱ እልቂት አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በኦታዋ አንድ ትልቅ ስምምነት ፈረሙ። በዚያ ስምምነት ካናዳ ብቻ ከ130,000 በላይ የበረራ ሰዎችን አሠልጥና አስመርቃለች። ሐሳቡ ብልህነት የተሞላበት ነበር። የካናዳ ሜዳ ሰፊ ነው፣ የጠላት ተዋጊ አይደርስበትም፣ ሌሊት ከተሞቹ እንደበሩ ያድራሉ። ግን የሠላሳ ኪሎ ሜትር መብራት እያየ መብረር የለመደ የ21 ዓመት ልጅ እንግሊዝ ሲደርስ የሚጠብቀው ጭስና ጭጋግ የወረሰው፣ በየአቅጣጫው የአየር ማረፊያ የታጨቀበት፣ አንድም መብራት የማይታይበት ደሴት ነው። የመጨረሻው ሥልጠና የሚሰጠው እዚያ ነበር፤ ቀደም ሲል የተማረውን ግማሹን ትቶ እንደገና መማር ነበረበት።

ለዚህ የተቋቋሙት የውጊያ ማለማመጃ ክፍሎች ናቸው። የሎሲማውዙ አንዱ ነበር። በእነዚህ ክፍሎች ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። አብራሪዎች፣ አቅጣጫ መሪዎች፣ የሬዲዮ ሠራተኞች፣ ቦምብ ጣዮችና ተኳሾች በአንድ ትልቅ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ ይሰበሰቡና ቡድናችሁን ራሳችሁ ምረጡ ተብለው ይተዋሉ። ፈተና የለም፣ ዝርዝርም የለም። አንዱ የሌላውን ፊት ያያል፣ ወሬ ይጀምራል፣ ሲጋራ ይጋበዛል፤ ከሰዓት በኋላ አብረው የሚኖሩና ምናልባትም አብረው የሚሞቱ ሰዎች ተመራርጠው ይወጣሉ። ከወታደራዊ ተቋም የማይጠበቅ አሠራር ነው፤ ግን ከሞላ ጎደል ሠራ። እርስ በርስ የተመራረጡ ሰዎች እርስ በርስ ይጠባበቁ ነበርና።

የሚበሩበት አውሮፕላን ግን የተመረጠ አልነበረም። አዲሱ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል፤ ያረጀው ወደ ተማሪ ይወርዳል። «አር ለሮበርት» ራሱ ከሄሊጎላንድ በኋላ ወደ ሌላ ስኳድሮን ተዛውሮ ጀርመንንና በጀርመን የተያዙ አገሮችን ሲደበድብ ከቆየ በኋላ በ1940 መጸው ነው ወደ ሎሲማውዝ የተላከው። በጦርነት አመክንዮ ይህ ያስኬዳል፤ ጥሩውን መሣሪያ ለግንባር ታደርጋለህ። ውጤቱ ግን ልምድ የሌለው ሰው በሞተሩ ብዙ ሰዓት በተቆጠረበት አውሮፕላን፣ በክፉ አየር፣ በተራራ አገር መብረሩ ነው። አራቱ ችግሮች ለየብቻቸው ይቻላሉ። አብረው ሲመጡ ግን ሰው ያልቃል።

የሞተሩን ጉዳይ ትንሽ ላብራራ። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንዱ ቢቆም በሌላው ይበራል ብለን እናስባለን። የመጀመሪያዎቹ ዌሊንግተኖች ላይ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም ነበር። የቆመው ሞተር ፕሮፔለር ዝም ብሎ አይቆምም፤ ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ ያሽከረክረዋል፣ የሚሽከረከረው ምላጭም አየሩን እየገፋ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ኋላ የመጡ ፕሮፔለሮች ምላጫቸውን አዙረው ጠርዙን ለነፋሱ እንዲሰጡ ተደርገው ተሠሩ፤ ነፋሱ በጎናቸው ያልፋል፣ መጎተቱም ይቀራል። ያ መሣሪያ በሌለበት አውሮፕላን ላይ የቀረው አንድ ሞተር የራሱን ሥራ መሥራት ብቻ ሳይሆን የሞተውን ጓደኛውን መጎተትም አለበት። በረዶ በክንፍ ላይ ሲጋገር ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፣ ክንፉም ቅርጹን ያጣል። ከታች የሚጠብቃቸው ተራራ 900 ሜትር ከፍታን ያልፋል። ማርውድ ኤልተን «ዝለሉ» ሲል ፈርቶ አይደለም፤ ሒሳቡ ግልጽ ስለሆነ ነው።

ከስምንቱም ሰዎች መውጫው የከበደው ለኋላ ተኳሹ ነበር። እሱ ከሌሎቹ ተለይቶ በአውሮፕላኑ ጅራት ጫፍ ላይ፣ በመስታወትና በብረት በተሠራች ጠባብ የመትረየስ ማማ ውስጥ ይቀመጣል። ቅዝቃዜው ኃይለኛ ነው። ቦታው ስለማይበቃ ፓራሹቱን ታጥቆ አይቀመጥም፤ ከማማው ውጭ፣ በአውሮፕላኑ አካል ውስጥ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። የዝለል ትእዛዝ ሲመጣ ማማውን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከጀርባው ያሉትን ትናንሽ በሮች መክፈት፣ ዞሮ ፓራሹቱን ማውረድ፣ ደረቱ ላይ ካሉት መንጠቆዎች ጋር ማያያዝ አለበት፤ ከዚያ ወይ በአካሉ ውስጥ ወዳለው መውጫ መሄድ፣ ወይ ማማውን ወደ ጎን አዙሮ በጀርባው ወደ አየሩ መውደቅ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በወፍራም ጓንትና በበረራ ልብስ፣ ቁልቁል እየሄደ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ተኳሾቹ ይህን መሬት ላይ ደጋግመው ይለማመዱታል። እውነተኛው ዝላይ ግን በሥልጠናው ውስጥ አልነበረም፤ አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ዘለሉ፣ ያውም ግድ ሲሆን። የእኛ ሳጅን የመጀመሪያ ዝላዩ የመጨረሻው ሆነ።

አሠልጣኞቹም ሕይወታቸው ከተማሪዎቻቸው የተሻለ አልነበረም። አንድ የበረራ ሰው 30 ግዳጆችን ከፈጸመ «ዕረፍት» ይሰጠዋል፤ ዕረፍቱ ግን ማሠልጠን ነው። 30 ሌሊት በጀርመን ሰማይ ላይ ሞትን ሸሽቶ የመጣ ሰው አሁን እጁ ገና ካልጸና ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ባረጀ አውሮፕላን ይበራል። ከጦርነቱ በኋላ ማስታወሻ የጻፉ ብዙዎች ከውጊያው ይልቅ ይህን ሥራ ይፈሩት እንደነበር አልደበቁም። ግንባር ላይ ቢያንስ አብሮህ ያለው ሰው ሥራውን ያውቃል።

በግንባርና በማሠልጠኛ መካከል ያለው መስመር ቀጭን እንደነበር የሚያሳይ አንድ ሌሊት አለ። ሜይ 30 ቀን 1942 የዕዙ አለቃ አርተር ሃሪስ ኮሎኝ ከተማን በአንድ ሌሊት በሺሕ አውሮፕላን አስደበደቡ። በእጃቸው ያለው የግንባር ኃይል ግን ሺሕ አይሞላም። ያላቸው አማራጭ ማሠልጠኛዎቹን ባዶ ማድረግ ነበር። ከተነሡት 1,047 አውሮፕላኖች ከ360 በላይ የሚሆኑት የመጡት ከውጊያ ማለማመጃ ክፍሎች ነው፤ ከአብራሪዎቹ አንዳንዶቹ አሠልጣኞች፣ አንዳንዶቹ ሥልጠናቸውን ያልጨረሱ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ሌሊት 41 አውሮፕላኖች ሳይመለሱ ቀሩ። ሰኞ በተማሪነት የሚበር ልጅ ቅዳሜ በወታደርነት ሞተ። ሰኞ ዕለት ስኮትላንድ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ግን በሌላ ዓምድ ይመዘገብ ነበር።

የሟች ቤተሰቦች ጉዳይ ይህን ልዩነት በሌላ በኩል ያሳየናል። ጀርመን ላይ የጠፋ ልጅ ወላጆች የሚደርሳቸው «ጠፍቷል» የሚል ቴሌግራም ነው። እስረኛ ሆኖ ይሆን? ተደብቆ ይሆን? መርዶ ሳይሰሙ፣ ለቅሶም ሳይቀመጡ ወራትና ዓመታት ይጠብቃሉ። መቃብራቸው ያልታወቀ ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች ስም ዛሬ ለንደን አጠገብ በረኒሚድ መታሰቢያ ላይ ተጽፏል። በሥልጠና የሞተ እንግሊዛዊ ልጅ ወላጆች ግን ብዙ ጊዜ ያን ጥርጣሬ አያውቁትም። አስከሬኑ ይመጣል፣ በትውልድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይቀበራል። እንግሊዝ ውስጥ ሩቅ ገጠር ድረስ በየመቃብሩ መካከል ተመሳሳይ ነጭ የጦርነት የመቃብር ድንጋዮች የሚታዩት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። የጦር መቃብር ኮሚሽኑ ከተመሠረተበት ከ1917 ጀምሮ በያዘው ደንብ መኰንንና ወታደር፣ በጥይት የሞተና በአደጋ የሞተ፣ ድንጋያቸው አንድ ነው። ይህን ደንብ ከጦርነት ተቋማት ሁሉ ታላቁ ቅንነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አየር ኃይሉ እልቂቱን ዝም ብሎ አላየውም። ከ1941 ጀምሮ «ቲ ኤም» የሚባል ወርኃዊ መጽሔት ለበራሪዎች ይታደል ጀመር፤ በውስጡ ፓይለት ኦፊሰር ፕሩን የተባለ ምናባዊ አብራሪ በየወሩ ሊሠራ የሚችለውን ስሕተት ሁሉ እየሠራ አንባቢውን ያስተምራል። ወጣቶች ከሥልጣን የመጣ ማስጠንቀቂያ አይሰሙም፣ በፕሩን ስሕተት ግን ይስቃሉ፤ እየሳቁ ያስታውሱታል። የሬዲዮ መርጃዎች ተሻሻሉ፣ ፕሮፔለሮች ተለወጡ፣ አራት ሞተር ላላቸው አውሮፕላኖች የተለየ የማሸጋገሪያ ሥልጠና ተዘረጋ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጣው ከታች ነው። በሰሜን ዌልስ ላንድዉሮግ በሚባል የአየር ማረፊያ ዶክተር ጆርጅ ግራሃም የተባሉ የሕክምና መኰንን ነበሩ። አካባቢው የስኖውዶኒያ ተራሮች ነው፤ ከማሠልጠኛዎች የተነሡ አውሮፕላኖች በተደጋጋሚ ይጋጩበታል። ግራሃም አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በግጭቱ ያልሞቱ ሰዎች እየደሙና በብርድ እየቀዘቀዙ፣ ፈላጊ እስኪደርስላቸው ድረስ ይሞታሉ። ወደ ተራራው የሚወጡት ደግሞ ተራራ የማያውቁ የጣቢያው ሠራተኞች፣ በተራ ቦት ጫማ ነው። ግራሃም ተራራ መውጣት የሚወዱ ሰዎችን አሰባስበው፣ ገመድና ቃሬዛ አዘጋጅተው፣ ወጣቶቹን አሠልጥነው የራሳቸውን የነፍስ አድን ቡድን መሠረቱ። በ1943 አየር ኃይሉ ሥራውን ተቀብሎ በይፋ የተራራ ነፍስ አድን አገልግሎት አቋቋመ። አገልግሎቱ ዛሬም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወርደው አብራሪዎችን ሳይሆን ተራራ ላይ የተጎዱ ተራ ሰዎችን ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሞት አመጣጥ ነው። አሁን ስለ አቆጣጠሩ ልናገር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ገና አላለቀም። የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 ለቦምብ ጣይ ዕዝ የቀድሞ አባላት፣ ወደ ሰባ ዓመት ከሚጠጋ ጥያቄ በኋላ፣ በሜዳሊያቸው ሪባን ላይ የሚደረግ ልዩ ምልክት ፈቀደ። መስፈርት አለው፤ ሰውየው በውጊያ ክፍል ውስጥ ያገለገለና ቢያንስ አንድ የውጊያ ግዳጅ የበረረ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ፈረንሳይ ላይ በራሪ ወረቀት በትኖ በሰላም የተመለሰ ሰው መስፈርቱን ሊያሟላ ይችላል። በማለማመጃ ክፍል ሳለ ተራራ ላይ ወድቆ የሞተ ግን አያሟላም።

መስመር የሚያሰምር ሰው የሆነ ቦታ ላይ ማስመር እንዳለበት አውቃለሁ። ይህ መስመር ግን ዕዙ ራሱ ያመነበትን ነገር ይክዳል። ዕዙ እነዚህን ልጆች በበጎ ፈቃድ ቀጠረ፤ በራሪዎቹ ሁሉ ፈቃደኞች ነበሩ፣ ማንም ተገድዶ በራሪ አልሆነም። ያረጀ አውሮፕላን የሰጣቸው ዕዙ ነው፣ አዲሱ ለግንባር ይፈለግ ነበርና። በክረምት ወደ ተራራ የላካቸው ዕዙ ነው፣ ሌሊት የሚበር ሰው ያስፈልገው ነበርና። ሺሕ አውሮፕላን ሲጎድለው ደግሞ ተማሪነታቸውን ለአንድ ሌሊት አንሥቶ ወደ ኮሎኝ ሰደዳቸው። በሥልጠና የሞቱት ጦርነቱን እየተዋጉ ነው የሞቱት፤ የ1944ቱ ቦምብ ጣይ ኃይል የተሠራው እነሱ በወደቁበት ልምምድ ነው። በሊንከን ከተማ በ2018 የተከፈተው የዕዙ መታሰቢያ ይህን ተረድቶታል። እዚያ ባሉት የብረት ግድግዳዎች ላይ ወደ 58,000 የሚጠጉ ስሞች ተቀርጸዋል፤ በማሠልጠኛ የወደቁትም ከሌሎቹ ጋር አሉበት። የሪባኑ መስፈርትም እንዲሁ ሊታረም ይገባል። ሟቾቹ ሊቀበሉት ባይችሉም ለመጠየቅ የሚችሉ የወንድምና የእኅት ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ።